የባበከር ኢዝን

የባበከርን ሞት የሰማሁት በመተከል በምኖርባት ትንሽ ከተማ፣ ለበረንዳ ፈቃድ ልጠይቅ በቀረብኩበት የማዘጋጃ ቤት መስኮት ላይ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የገባሁባት ቤት በረንዳዋ ጠባብ ናት። ሁለት ቋሚ አቁሜ ቆርቆሮዋን ወደ ፊት ልስባት አሰብኩና ንድፉን በእጄ ነድፌ፣ ማመልከቻዬን አያይዤ ሄድኩ። ከመስኮቱ ማዶ የተቀመጠችው ሠራተኛ ወረቀቱን ገልብጣ አየችና ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ ለበረንዳ ነው? ለበረንዳማ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚሠራው።»

«እኔ እጠይቃለሁ።»

«ማን አስለመደዎት?»

«አሶሳ ነው የሠራሁት። በግንባታ ፈቃድ ክፍል።»

እጇ ማኅተሙ ላይ እንዳለ ቀረ። የአሶሳ ልጅ ኖራለች። «እንግዲያው አቶ ባበከርን ያውቋቸዋል» አለችና ፊቴን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አልነገሩዎትም እንዴ? አረፉ እኮ። ረመዳን ሊገባ ሲል።»

ቀብሩ ካለፈ ሰንብቷል። በእነርሱ ሥርዓት ሟች አያድርም፤ በሰማሁበት ቀን ተነሥቼ ብሄድ እንኳ የምደርሰው ለአፈሩ ነበር። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በማግሥቱ ነው።

ባበከርና እኔ አሶሳ ላይ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ፊት ለፊት በተቀመጡ ጠረጴዛዎች ረጅም ዘመን አብረን ሠርተናል። እኔ የግንባታ ባለሙያ ነበርኩ፤ ንድፍ እመረምራለሁ፣ ግድግዳና ጣራ አያለሁ፣ አስተያየቴን ጽፌ እፈርማለሁ። እሱ ተቆጣጣሪ ነበር፤ ከተማውን እየዞረ የሚሠራውን፣ የሚታደሰውንና የሚፈርሰውን ያያል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከትከሻው ትንሽ ጎንበስ ያለ ሰው ነበር። ክረምት ከበጋ ጥቁር ጃንጥላ ከክንዱ አይጠፋም። ሲዘንብ ግን አጠገቡ ላለው ሰው ስለሚሰጠው፣ ጃንጥላ ይዞ የሚዞር፣ ሁልጊዜም ርሶ የሚገባ ሰው ነበር።

አፉን የፈታው በበርታኛ ነው። አማርኛን የተማረው ጎልምሶ ስለነበር የሴት አንቀጽ የሚባለውን ነገር አንድ ቀን እንኳ አልተቀበለውም። ለእሱ ሁሉም ወንድ ነበር። «ሚስቴ ታሞ ተኛ» ብሎ ፈቃድ ሲጠይቅ ኃላፊያችን ሣቃቸውን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ያ ጌታቸው፣» አለኝ ስንወጣ፣ እንደ ዓረብኛው «ያ» ብሎ እየጠራኝ፣ «ሰው ታሞ ሳለ ሴት ነው፣ ወንድ ነው እያልክ ስትመርጥ፣ በሽታው ይጠብቃል?»

ስለ «ፈቃድ» ቃል ደግሞ የራሱ ክርክር ነበረው። አንድ ቀን ከገጠር የመጡ አሮጊት የልጃቸውን ቤት ቆርቆሮ ሊያለብሱ ፈልገው ሲቀርቡ፣ ጸሐፊዋ «ኃላፊው ፈቃድ ላይ ናቸው» አለቻቸው። አሮጊቷ ፊታቸው በራ። «መልካም ነው! ፈቃድ ላይ ከተቀመጠ፣ ይነሣና ለእኔ ይስጥ» አሉ። ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። ባበከር ግን አልሣቀም፤ ተነሥቶ በቋንቋቸው አስረዳቸው፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞረ።

«እኛ ዘንድ ዕረፍት ኢጃዛ ነው፤ አስገባኝ፣ ልሥራ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ኢዝን ነው። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ከረጢት ከተተ። አሮጊቱ ምን አጠፋ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የግንባታ ፈቃድን «ኢዝን» ይለው ጀመር፤ ቀስ በቀስም ባለጉዳዩ ሁሉ ተከተለው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በመስኮቱ ቆሞ «ለማድ ቤት ኢዝን ፈልጌ ነበር» ሲል መስማት የተለመደ ሆነ። በመመሪያችን ውስጥ የሌለ ቃል ነበር። እኔ የመመሪያ ሰው ስለሆንኩ መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም፤ ኋላ ግን ሰዎች «ፈቃድ» ሲሉ የመንግሥትን ፊት፣ «ኢዝን» ሲሉ የጎረቤትን ደጅ እንደሚያስቡ ተገነዘብኩ።

ምክንያቱም ባበከር ራሱ ያለ ኢዝን አይገባም ነበር። ለቁጥጥር በሄድንበት ቤት ሁሉ በሩ ፊት ለፊት አይቆምም፤ ዓይኑ ወደ ውስጥ እንዳያይ ወደ ጎን ፈቀቅ ይልና «አሰላሙ ዓለይኩም!» ይላል። ይጠብቃል። ሁለተኛ ይላል። ይጠብቃል። ሦስተኛ ብሎ መልስ ካጣ ይመለሳል። በሃይማኖቱ የተማረው የደጅ ሥርዓት ነው። መጀመሪያ አብረን የወጣን ጊዜ እኔ መታወቂያዬን አውጥቼ በሩን ልገፋ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ባበከር፣ ሕግ ይፈቅድልናል እኮ» አልኩት።

«ሕግ ይፈቅዳል» አለኝ። «ቤቱ ግን ገና አልፈቀደም።»

ከተማው ይህን ልማዱን ሲያውቅ ሊጠቀምበት ሞከረ። ያለ ፈቃድ ግድግዳ የሚያፈርስ፣ ጣራ የሚቀይር፣ ክፍል የሚቀጥል ሰው ሁሉ የባበከርን ሰላምታ ሲሰማ ትንፋሹን ይውጣል። መዶሻው ዝም፣ መጋዙ ዝም። ሦስቱ ሰላምታ ሲያልቅ ጥቁሩ ጃንጥላ ይርቃል፣ ሥራውም ይቀጥላል። ባበከር ይህን አያውቅም ብለው ያስቡ ነበር። ያውቅ ነበር።

እሱ ማንንም በቅጣት አስፈራርቶ አያውቅም። የሚመርጠው ሌላ መንገድ ነው። አንድ ባለ ሱቅ ቤቱን ሲያድስ የጣራውን ክፈፍ በጎረቤቱ አጥር ላይ አሳልፎ አስረዘመው። ባበከር አልከሰሰውም። ዝናብ እስኪጥል ጠበቀና ባለሱቁን «ና፣ ጎረቤትህ ቤት ሻይ እንጠጣ» ብሎ ወሰደው። ተቀመጡ። የባለሱቁ ጣራ ውኃውን ሰብስቦ በጎረቤቱ የጭቃ ግድግዳ ላይ ይለቀው ነበር፤ ከተቀመጡበት ጀርባ ግድግዳው እየለቀቀ ሲወርድ ይሰማል። ሻዩ ሲያልቅ ባበከር ተነሣና «ኢዝን ማለት» አለ፣ «ጎረቤትህ የአንተን ዝናብ ከመጠጣቱ በፊት፣ ጠምቶሃል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው።» ሰውየው በሳምንቱ ክፈፉን አስቆርጦ፣ አሸንዳ ገጥሞ፣ ንድፉን ይዞ ቢሮ መጣ።

ከሁሉ በላይ የማስታውሰው ግን የሰይድን ቤት ነገር ነው።

ሰይድ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጣ፣ ኋላ ወደ ከተማው ገብቶ በሰሊጥ ንግድ የተቋቋመ ሰው ነበር። ቤቱ በቀርከሃና በጭቃ የተሠራች፣ ቆርቆሮ የለበሰች፣ ከውጭም ከውስጥም በሲሚንቶ የተለሰነች ናት። የበኩር ልጁን ሐዋን ሊድር ሽር ጉድ ይል ነበር። እንግዳው ብዙ ነው፤ ሳሎኑ ግን በግድግዳ ለሁለት ተከፍሏል። ሰይድ መካከለኛውን ግድግዳ አንሥቶ ቤቱን አንድ ሰፊ አዳራሽ ሊያደርገው ቆረጠ። ጣራውን የተሸከሙት በዚያ ግድግዳ ውስጥ የተቀበሩት ቋሚዎች መሆናቸውን አላሰበም።

ማፍረስ በጀመረበት ቀን በመንገዱ ስናልፍ የዲጂኖ ድምፅ ሰማን። ከቆርቆሮው ሥር ቀይ አቧራ ይወጣል። ባበከር ከበሩ ጎን ቆሞ ሰላምታውን አሰማ። ዲጂኖው ጸጥ አለ። ሁለተኛ አለ፤ ጸጥታ። ሦስተኛ ሲል ከውስጥ አንድ ሰው በአቧራው ታፍኖ፣ ሳሉን በእጁ ሊያፍን ሲታገል ተሰማ። ወዲያው የሴት ሹክሹክታ፦ «ሄደ?»

«አልሄድኩም፤ ልሄድ ነው» አለ ባበከር በትሕትና፤ ፊቱንም አዞረ።

እኔ ተቆጣሁ። «ቤቱ በሰዎቹ ላይ ቢወድቅስ?»

«ሦስት ጊዜ ጠራሁ። ተመለስ ተብሏል።» ጥቂት እርምጃ ሄደና ከመንገዱ ማዶ ባለው የማንጎ ዛፍ ሥር፣ ልክ የሰይድን በር ፊት ለፊት እያየ ተቀመጠ። «ተመለስ ተባለ እንጂ» አለኝ አጠገቡ ያለውን ድንጋይ እየጠረገልኝ፣ «ምን ያህል ራቅ አልተባለም።»

እዚያ ተቀምጠን ዋልን። እሱ እያለ ዲጂኖ ማንሣት አልቻሉም። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁሉም ቆሞ ይጠይቀዋል።

«ባበከር! ምን ትጠብቃለህ?»

«ሰይድ ልጅ ይድራል አሉ። እንግዳ ስለሚበዛ ቦታ ያዝኩ።»

«ገና እኮ ነው ሰርጉ!»

«እኔ ቀርፋፋ ነኝ፤ ቀደም ማለት ይሻላል።»

ይህን ሁሉ የሚናገረው ከአጥሩ ማዶ በሚሰማ ድምፅ ነበር። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ሰይድ ወጣ። ቅንድቡና ጢሙ በአቧራ ቀልቶ፣ ከሸክላ ሠሪ ጉድጓድ የወጣ ይመስላል።

«ምንም እየሠራን አይደለም» አለ።

«ጢምህም እንደዚያ ይላል» አለው ባበከር።

ሰይድ ሣቁ ሊያመልጠው ሲል ቁጣውን አስቀደመ። «ወላሂ ባበከር፣ አሁን ሰው አታድርቅ! ሰርጌ ደርሷል። ወረቀት ስል፣ ንድፍ ስል ልከርም ነው? የገዛ ቤቴ እኮ ነው። ፈቃዱ የአላህ ነው፤ እሱ ካለ ይቆማል፣ ካላለ ይወድቃል።»

«ልክ ነህ» አለ ባበከር። «የአላህ ፈቃድ ሳትጠይቀው ይመጣል። የእኔ ግን ትንሽ ነው፤ ካልተጠየቀ አይመጣም።»

ከዚያም እንደ ዋዛ ጠየቀው። «ግድግዳውን ስታነሣ ሴቶች የት ይቀመጣሉ?»

«መካከሉ ላይ ነዋ፤ ግድግዳው የነበረበት። ለእነሱ ብዬ አይደል።»

«ሙሽራውስ? ሐዋ?»

«እዚያው። ከመካከላቸው።»

ባበከር ራሱን ነቀነቀ። ከተቀመጠበት ተነሥቶ ልብሱን አራገፈ። «እንግዲያው አፍርስ። እኔ ግን የሰርጉ ቀን ከማለዳ መጥቼ ከሐዋ አጠገብ እቀመጣለሁ። የሴት ቦታ ነው ቢሉኝም አልነሣም።»

«ምን ልትሆን?»

«ቤት ሲወድቅ ባበከር ውጭ ነበረ እንዳይባል።»

የሰይድ ፊት ተለወጠ። ቀልድ መሆኑን ፈልጎ የባበከርን ዓይን መረመረ፤ አላገኘም። ድምፁ ቀነሰ። «ይወድቃል ነው የምትለኝ?»

«አላውቅም።» ባበከር ይህን ሲል አላፈረም። «አንተስ ታውቃለህ?»

ሰይድ ወደ ቤቱ ጣራ ዞሮ አየ።

«እኔም አላውቅ፣ አንተም አታውቅ። ጌታቸው ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን ሲያይ ነው። ኢዝን ሌላ ነገር አይደለም፣ ያ ሰይድ። ከማፍረስህ በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው ይይልህ ማለት ነው።»

በዚህ መካከል ሐዋ ከበሩ ብቅ አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች፤ ዓይኖቿ በአቧራው ቀልተዋል። የታፈነው ሳል የእሷ ኖሯል።

«አባዬ፣ ይግቡ» አለች።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ፤ ቤቱ የኔ ነው።»

«ቤቱ ያንተ ነው። የምሞትበት ከሆነ ግን የኔም ነው።»

ሰይድ ተሸነፈ። «አብሽሪ፣ ማን ይሞታል» አለ፤ ወደ ባበከርም ሳያይ እጁን ወደ ውስጥ ዘረጋ። «ግቡ።»

ገባን። ከግድግዳው አንድ ጎን ልስኑ ወርዶ፣ ጭቃው ተንዶ፣ አንድ ቋሚ እስከ ወገቡ ተራቁቶ ነበር። ዳር ዳሩን ተመለከትኩና የያዝኩትን የብሎን መፍቻ ጫፍ በእንጨቱ ላይ ጫን አደረግሁት። እስከ እጀታው ገባ። ሳወጣው ቡናማ ዱቄት ፈሰሰ፤ ከዱቄቱ ጋር ነጫጭ ምስጦች እየተንፈራገጡ ወጡ። የሚቀጥለውን ልስን በመዶሻ ከፈትኩ፤ ያም እንዲሁ ነው። አሶሳ ላይ ምስጥ የማይደርስበት እንጨት እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን በጭቃ ቤት ውስጥ ምስጥ መንገዱን በግድግዳው ላይ ስለሚያወጣ ሰው አይቶ ይጠርገዋል። ሰይድ ግን ቤቱን ለማሳመር ማንንም ሳያማክር በሲሚንቶ አስለስኖት ነበር። ልስኑ ምስጡን ከዓይን ሰወረለት። ጣራው የቆመው በቋሚ መሳይ የልስን ቅርፊት ላይ ነበር።

«ልስኑ እኮ አዲስ ነው» አለ ሰይድ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሱ።

ባበከር ወደ ደጅ ወጣ። «የሰርጉን ቦታ ስንት ያዝክ?» እያሉ ሲያሾፉበት ለነበሩት ሰዎች «ባሕር ዛፍ! ያለው ሰው ባሕር ዛፍ ያምጣ!» ሲል ሰማሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎረቤቱ ሁሉ ወፍራም ወፍራም ግንድ ተሸክሞ መጣ። እኔ ቦታውን እያመለከትኩ ጣራውን በድጋፍ አስያዝነው። ቤተሰቡም ቤቱ እስኪጠገን ጎረቤት ተጠጋ።

ንድፉን እኔ ሠራሁለት፤ ቋሚዎቹ በድንጋይ መሠረት ላይ እንዲቆሙ፣ ከላይም የብረት ወራጅ እንዲገባ። ባበከር ወረቀቱን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ራሱ ይዞ ዞረ፤ ፈቃዱ ከሰርጉ በፊት ወጣ። ሥራው ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ መሠረቱ ሳይደርቅ ሸክም አይጫንበትም። ስለዚህ ሐዋ የተዳረችው በጠባቡ ግቢ ውስጥ በተጣለ ዳስ ነው። ሰይድ በአዳራሽ ሊቀበለው ያሰበውን እንግዳ በዳስ ሲቀበል አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ምግቡ እንደቀረበ ዝናቡ መጣ። የዚያ አገር የግንቦት ዝናብ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ዳሱ ከአንድ ጎን ተቀደደ፤ ሰው ሁሉ ሰሐኑን እንደያዘ ወደ ቤቱ ሮጠ። ውስጡ በድጋፍ የተሞላ ነው። ድጋፉ የተተከለው ጣራውን ለማቆየት እንጂ ሰው እንዲጋፋበት አይደለም፤ አንዱ ቢመታ ሁሉም ይከተላል። እኔ ከሕዝቡ ኋላ ነበርኩና መድረስ አልቻልኩም። ስመለከት ባበከር በሩ ላይ ቆሟል። ሁለት እጁን በሁለቱ መቃን ላይ ዘርግቶ ዘግቶታል። ጃንጥላው ሐዋ ራስ ላይ ነው።

«አሳልፈን እንጂ!»

«አይሆንም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቤቱ ያንተ ነው?» አሉት አንድ ሽማግሌ።

«የእኔ አይደለም፣ አባቴ። ዛሬ የማንም አይደለም።»

ገፉት፤ አልተነቃነቀም። ሰደቡት፤ «እሺ፣ እሺ» አለ። ያን ለስላሳ ሰው እንደዚያ ጠንክሮ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በመጨረሻ ሰይድ ራሱ እየተጋፋ መጣ፤ እሱም ርሷል። ባበከርን አየው። ከዚያ ጀርባውን ወደ ባበከር ሰጥቶ፣ ከፊቱ ቆሞ፣ እሱም እጆቹን ዘረጋ። «ወገኖቼ፣ ዝናብ ገድሎ አያውቅም! ብሉ!» ብሎ ጮኸ። ሰዉ ሣቀ። የረጠበው ሁሉ ዳሱ ወዳልተቀደደበት ጎን ተሰበሰበና ዘፈኑ ቀጠለ።

ኋላ አዳራሹ በፈቃዱ መሠረት ተሠርቶ አለቀ። ቤቱ በሰርጉም ቀን አልወደቀም፣ ከዚያም በኋላ አልወደቀም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስላልወደቀለት ቤት ሊያመሰግን ወደ ቢሮአችን የመጣ ሰው አላስታውስም። ከሥራችን ወዲያ የሚቀር ነገር ያልደረሰው አደጋ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አያየውም። ይህን ለባበከር ስነግረው ግራ ገባው፤ ምስጋና የሚጠበቅበት ነገር መሆኑን አስቦበት አያውቅም ነበር።

ሰይድ ያን ዝናብ በቀላሉ አልተወለትም። ከዚያ በኋላ በገበያው መንገድ ባገኘው ቁጥር፣ ከሰሊጥ ጆንያው ላይ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይጮህበታል።

«ባበከር! ቤቱ አልወደቀም እኮ! አንተ ውሸታም፣ በከንቱ በዝናብ አስደበደብከን!»

ባበከር ይቆማል። ወደ ሰይድ ቤት ጣራ አሻግሮ ያያል፤ ደህና መቆሙን ያረጋግጣል። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ ያደርግና፣ በዚያ ሁሉን ወንድ በሚያደርግ አማርኛው፣ ከልቡ ደስ ብሎት እንዲህ ይለዋል።

«አልሐምዱሊላህ፣ ያ ሰይድ! ሐዋ ደህና ነው? እንግዲያው ዛሬም ውሸታም ሆኜ ዋልኩ።»